የኒኬል ዚንክ ፌራይትን የማግኔት ጠባይ በስፔክትሮስኮፒ ማጥናት፦ ከሚዛኑ እስከ ሞስባወር

ቤት ጥግ የተጣለ አሮጌ ሬዲዮ ካላችሁ ክፈቱት። ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ዘንግ ታገኛላችሁ። ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰበራል፣ ኤሌክትሪክ እንደ ብረት አያሳልፍም፣ ማግኔት ሲጠጋው ግን ይሳባል። ይህ ፌራይት፣ ማለትም ብረት ከሌላ ብረታ ብረትና ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደበት ሸክላ መሰል ማግኔት ነው። በዚህ መመሪያ ከዚያው ቤተሰብ የሆነውን ኒኬል ዚንክ ፌራይት በቤተ ሙከራ ሠርተን፣ ማግኔትነቱ ከየት እንደሚመጣ በሦስት የስፔክትሮስኮፒ (ናሙናው ብርሃንን ወይም ጨረርን እንዴት እንደሚውጥ ወይም እንደሚበትን የማየት) ዘዴዎች፣ በኢንፍራሬድ፣ በራማንና በሞስባወር እንመረምራለን። የጻፍኩት ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር አካባቢ የማስተርስ ሥራቸውን ለሚጀምሩ ተማሪዎች ነው። ስለዚህ የመብራት መቋረጡንም የክረምቱን እርጥበትም አልዘለልኩም።

አስቀድሞ፦ ማን የት ተቀመጠ?

ንጹሕ ኒኬል ፌራይት ማግኔት ነው። ዚንክ ደግሞ የራሱ ማግኔትነት የለውም። ሆኖም በኒኬሉ ቦታ ጥቂት ዚንክ ስታስገቡ ማግኔትነቱ ይጨምራል። ይህ ግራ ካላጋባችሁ ገና አላሰባችሁበትም ማለት ነው።

መልሱ ያለው በአቀማመጡ ነው። አተሞቹ የሚደረደሩበት ቅርጽ ስፒኔል ይባላል፤ ተደጋግሞ የሚመጣው አንዱ መሠረታዊ ሳጥኑ 32 ኦክስጅን አለው። በኦክስጅኖቹ መካከል የብረታ ብረት አተሞች የሚይዟቸው ሁለት ዓይነት መቀመጫዎች አሉ። አንደኛው በ4 ኦክስጅን የተከበበው ኤ ቦታ ሲሆን 8 ይያዛሉ፤ ሁለተኛው በ6 ኦክስጅን የተከበበው ቢ ቦታ ሲሆን 16 ይያዛሉ። የሁለቱ ቦታዎች ማግኔቶች እንደ ገመድ ጉተታ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ የምንለካው ልዩነታቸውን ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊ ኔል ይህን ሐሳብ በ1948 አቀረበ፤ በ1970ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የእያንዳንዱ ጎታች ጉልበት በቦር ማግኔቶን (የአተም ማግኔትነት መለኪያ አሃድ) ሲለካ ባለ ሦስት ቻርጅ ብረት 5፣ ኒኬል 2፣ ዚንክ 0 ነው። በኒኬል ፌራይት ኒኬሉ ሁሉ ቢ ላይ፣ ብረቱ ግማሹ ኤ ግማሹ ቢ ላይ ይቀመጣል። ብረት ከብረት ጋር ይጣፋል፣ የኒኬሉ 2 ይቀራል። ዚንክ ሲመጣ ግን ኤ ቦታን ይወዳል፤ እዚያ የነበረውን ብረት ወደ ቢ ይገፋዋል። ደካማው ቡድን ሰው አጣ፣ ጠንካራው ጨመረ። የዚንክ ድርሻ 0.2 ከሆነ (ከኒኬሉ አንድ አምስተኛው በዚንክ ከተተካ) ኤ ላይ 0.8 ብረት፣ ማለትም 4.0 ይጎትታል። ቢ ላይ 1.2 ብረትና 0.8 ኒኬል፣ ማለትም 6.0 ሲደመር 1.6፣ በድምሩ 7.6 ይጎትታል። ልዩነቱ 3.6 ነው። ከ2 ወደ 3.6!

ዚንኩ እየበዛ ሲሄድ ግን የኤ ቡድን ስለሚመናመን ቢ ላይ ያሉት ቀጥ ብለው የሚቆሙበት ምክንያት ያጣሉ፣ ማዘንበልም ይጀምራሉ። ድርሻው ወደ ግማሽ ሲጠጋ ማግኔትነቱ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የማግኔት መለኪያ የሚሰጣችሁ አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ያው ቁጥር በሁለት በጣም የተለያዩ አቀማመጦች ሊገኝ ይችላል። ስፔክትሮስኮፒ የሚያስፈልገን አቀማመጡን ለማየት ነው።

አንድ፦ የብረት ናይትሬቱን ፈትኑ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። እኔም የመጀመሪያ ዙር ሥራዬን ያበላሸሁት እዚህ ነው።

የብረት ናይትሬት 9 ውሃ የያዘ ጨው ነው፤ የሞል ክብደቱ 404.0 ግራም። እርጥበት ከአየር ይስባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተከፈተና ክዳኑ ያልጠበቀ ጠርሙስ በክረምት ወራት ውስጡ እንደ ረጠበ ቀይ አሞሌ ይሆናል። ያንን ስትመዝኑ ግማሹን ውሃ ትመዝናላችሁ፤ ብረት ይጎድላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ባዶ ክሩሲብል (እሳት የሚችል ትንሽ የሸክላ ስኒ) መዝኑ። 1.000 ግራም ናይትሬት ጨምሩበት። መጀመሪያ በጭስ መሳቢያ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አድርቁት፣ ከዚያ በ800 ዲግሪ 2 ሰዓት አቆዩት። የሚቀረው ቀይ ዱቄት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ጨዉ ጤነኛ ከሆነ 0.198 ግራም መሆን አለበት። የእናንተ 0.180 ቢመጣ 0.198ን ለ0.180 አካፍሉ። 1.10 ይመጣል። ከዚህ በኋላ ከዚያ ጠርሙስ የምትመዝኑትን ሁሉ በ1.10 አባዙ።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለ። ብረት ሲተርፍ ሄማታይት (ቀዩ የብረት ኦክሳይድ) ይፈጠራል፤ ሄማታይት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ክሪስታሉ ኤክስሬይን በየትኛው ማዕዘን እንደሚመልስ በሚለካው ዘዴ) 33.2 ዲግሪ ላይ ብቻውን ስለሚወጣ በቀላሉ ይያዛል። ብረት ሲጎድል ግን የሚተርፈው ኒኬል ኦክሳይድ ነው። የእሱ ዋና ዋና ጫፎች 37፣ 43 እና 63 ዲግሪ አካባቢ ናቸው፤ በሦስቱም ቦታ የፌራይቱ የራሱ ጫፍ አለ። ተደብቆ ይቀመጣል። ሞስባወርም ብረትን ብቻ ስለሚያይ አይከሰውም። ማግኔትነታችሁ ዝቅ ይላል፤ እናንተም «የገጽታ ተጽዕኖ» እያላችሁ ሁለት ገጽ ትጽፋላችሁ። ከዚህ የምታድናችሁ ያቺ ክሩሲብል ናት።

ሁለት፦ ዱቄቱን መሥራት

መንገዱ ሶል ጄል ማቃጠል ይባላል። የዚንክ ድርሻ 0.2 ለሆነ 4.7 ግራም ገደማ ምርት የሚከተለውን መዝኑ፦ የብረት ናይትሬት 16.16 ግራም (ከላይ ባገኛችሁት ማስተካከያ ተባዝቶ)፣ ባለ 6 ውሃ ኒኬል ናይትሬት 4.65 ግራም፣ ባለ 6 ውሃ ዚንክ ናይትሬት 1.19 ግራም፣ ባለ 1 ውሃ ሲትሪክ አሲድ 12.61 ግራም። ሲትሪክ አሲዱ በሞል ከሦስቱ ብረታ ብረት ድምር ጋር እኩል ነው። ለንጽጽር ድርሻው 0፣ 0.4 እና 0.6 የሆኑትንም ሥሩ፤ የምትቀይሩት የኒኬሉንና የዚንኩን ክብደት ብቻ ነው።

የኒኬል ጨው ካንሰር ያመጣል። ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱ እንዳይቦን ተጠንቀቁ፣ እጣቢውን በውሃ ማፍሰሻ አትልቀቁት፤ በተለየ ጀሪካን አጠራቅሙት።

ጨዎቹን በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ፣ አሲዱን ጨምሩ፣ አሞኒያ ጠብ እያደረጋችሁ ፒኤቹን ወደ 7 አድርሱ። ከዚያ በ80 ዲግሪ እያማሰላችሁ አትንኑት። መጻሕፍቱ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አድርገው ነው የሚጽፉት፤ ባሕር ዳር ላይ በ94፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። «95 ላይ አቆዩት» የሚል የውጭ መመሪያ ይዛችሁ ማርቆስ ላይ ብትሠሩ ፈሳሹ በጭራሽ እዚያ አይደርስም፤ ዝም ብሎ ይንተከተካል፣ ጄሉም ያልተስተካከለ ይሆናል። በ80 መቆየቱ የተሻለ ነው።

ለውጡን በዓይን መከታተል ይቻላል። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ውሃ ነው። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ማማሰያው ይከብደዋል፤ ፈሳሹ አብሲት ሲጥል እንደሚሆነው ጠርዙ ላይ ወፈር ይላል፣ ትልልቅ አረፋም እያነሳ ይፈነዳል። ማንኪያ ስታነሱ እንደ ማር ሲሳብ ማማሰያውን አውጡ። ቢከሩ ቢያንስ 500 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ጄሉ ሲነፋ ከብዙ እጥፍ በላይ ይሆናልና።

በ120 ዲግሪ አድርቃችሁ ጥቂት ጥቂቱን በጭስ መሳቢያ ውስጥ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ በጋለ ማሞቂያ ላይ አስቀምጡ። አንድ ጥግ ላይ ፍም ይታያል፣ ከዚያ ፍሙ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ እንደሚሄድ እሳት እየበላ ይሻገራል። ቡናማ ጭሱ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል፣ መሳቢያው ሳይሠራ አትጀምሩ። የሚቀረው በትንፋሽ የሚበተን ጥቁር አመድ ነው።

አመዱን በአጌት (ጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ ፈጭታችሁ በ800 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥሉ፤ የሙቀቱ አወጣጥ በደቂቃ 5 ዲግሪ ይሁን። አራቱንም ናሙናዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እቶን አስገቡ። መብራት በሁለተኛው ሰዓት ቢጠፋ ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል ይደርሳል፤ ንጽጽሩ አይበላሽም። በየተራ ያቃጠለ ሰው ግን አንዱ 4 ሰዓት፣ ሌላው 2 ሰዓት ተኩል ይሆንበትና የዚንክን ተጽዕኖ ከመብራት መጥፋት ተጽዕኖ መለየት ያቅተዋል። ክሩሲብሎቹን በእርሳስ አትጻፉባቸው፣ በ800 ዲግሪ ይጠፋል። የእቶኑን ወለል በደብተር ሥላችሁ የትኛው የት እንዳለ ምልክት አድርጉ።

ሦስት፦ ኤክስሬይ፣ በአጭሩ

የመዳብ ቱቦ ያለው መሣሪያ ካገኛችሁ ብረቱ ራሱ ኤክስሬይ ስለሚያበራ ከበስተጀርባ ያለው የማይፈለግ ጨረር ይበዛል፤ ቀስ ብላችሁ ለኩ። ዋናው ጫፍ 35.6 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሳጥኑ ጎን ለኒኬል ፌራይት 0.834 ናኖ ሜትር፣ ለዚንክ ፌራይት 0.844 ነው፤ ዚንክ ሲጨምር በሁለቱ መካከል ቀስ እያለ ማደግ አለበት። ካላደገ ዚንኩ አልገባም፤ ወደ ፊት አትሂዱ።

አራት፦ ኢንፍራሬድ

ፖታሲየም ብሮማይዱን በ120 ዲግሪ አሳድራችሁ በማድረቂያ ዕቃ ውስጥ ክደኑት። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ናሙና ከ200 ሚሊ ግራም ብሮማይድ ጋር ፈጭታችሁ ክኒን አድርጋችሁ ጭመቁት። በሐምሌ የጮቄ ጉም ማርቆስ ላይ ሲወርድ ክኒኑ ከመጭመቂያው ወጥቶ መሣሪያው እስኪደርስ ድረስ ሊደበዝዝ ይችላል። ሙቀጫውንም የመጭመቂያውንም ብረት ቀድማችሁ አሙቁ፣ ክኒኑን ወዲያው ለኩ። ናሙና ካበዛችሁ መስመሩ ታቹ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ያ መስመር ዋጋ የለውም።

ሁለት መስመሮች ትፈልጋላችሁ። 600 የሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለ የሞገድ ብዛት) አካባቢ ያለው ከኤ ቦታ፣ 400 አካባቢ ያለው ከቢ ቦታ ጋር ይያያዛል፤ ይህን ምደባ ተመራማሪው ዋልድሮን በ1955 አስተዋወቀው። ዚንክ ሲጨምር የመጀመሪያው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከባዱ ዚንክ በብረቱ ቦታ ስለገባ።

አንድ ወጥመድ አለ። ፖታሲየም ብሮማይድ ራሱ 400 ላይ ብርሃን ማሳለፍ ያቆማል። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር በገደል አፋፍ ላይ ነው። «397.42» ብሎ የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ የለካው የክኒኑን ጠርዝ ነው። የሲዚየም አዮዳይድ ክኒን ከተገኘ እስከ 200 አካባቢ ያሳያል። ካልተገኘ ስለ ሁለተኛው መስመር ዝም ማለት ያስከብራል። ከሁለቱ ቁጥሮች ተነስቶ የመወጠሪያ ኃይል በአራት አሃዝ ማስላትም አይጥመኝም፤ ናሙናው የማያውቀውን ነገር እንደ መናገር ነው።

3400 እና 1630 ላይ የሚታየው እርጥበት ነው፣ አያሳስብም። 1384 ላይ ሹል መስመር ካለ ግን ናይትሬት አልተቃጠለም፤ ወደ እቶኑ መልሱት።

አምስት፦ ራማን

ራማን የሌዘር ብርሃን ከናሙናው ሲበተን ቀለሙ በምን ያህል እንደተቀየረ ያያል። ስፒኔል አምስት የራማን መስመሮች ይፈቀዱለታል። የኒኬል ፌራይት ጎልቶ የሚታየው 700 አካባቢ ያለው ነው፤ ዚንክ ሲገባ ጎኑ ላይ ትከሻ ያበጃል፣ ወደ ግራም ያጋድላል።

ጥቁር ዱቄት ብርሃን ይውጣል፤ ሌዘሩ ነጥቡን ያግለዋል። የሌዘሩን ጉልበት ከ1 ሚሊ ዋት በታች አድርጉ፣ ያንኑ ነጥብ ሁለት ጊዜ ለኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከተለየ ናሙናውን እየጠበሳችሁት ነው። 225፣ 290 እና 1320 አካባቢ መስመሮች ብቅ ካሉ ሄማታይት አለ፤ ኤክስሬዩ ላይ ካልነበረ የፈጠረው ሌዘራችሁ ሊሆን ይችላል።

ስድስት፦ ሞስባወር

ሩዶልፍ ሞስባወር በ1958 ባሳየው ክስተት የሚሠራ ነው፤ በ1961 ተሸልሞበታል። ራዲዮአክቲቭ ኮባልት 57 የ14.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ጨረር ይለቃል፤ በናሙናችን ውስጥ ያለው ብረት 57 ይውጠዋል። ምንጩ በሰከንድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ የጨረሩ ጉልበት በጥቂቱ ይቀየራል፤ የብረቱ አተም ዙሪያውን ያለውን ማግኔት በዚያ ልዩነት ይነግረናል። ኮባልቱ በ272 ቀን ግማሹ ስለሚያልቅ መሣሪያው በየቦታው አይገኝም፤ ብዙውን ጊዜ ናሙናው ነው የሚሄደው።

ስንት ይላክ? የሚመከረው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ብረት ነው። ከፌራይታችን ክብደት 47 በመቶ ገደማ ብረት ነው፤ 10 ሚሊ ግራም ብረት ለማግኘት 21 ሚሊ ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። ወርዱ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ መያዣ 1.77 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስላለው 37 ሚሊ ግራም ይበቃል። መሬት ላይ ቢደፋ መተኪያ እንዲኖር 100 ሚሊ ግራም ላኩ። መያዣው ላይ ዱቄቱ እኩል እንዲሰራጭ ከደቀቀ ስኳር ጋር ይደባለቃል፤ ስኳሩ ጨረሩን ብዙም አይጋርድም።

በብልቃጡ ላይ ብቻ አትጻፉ። አንድ ጊዜ አራት ብልቃጥ በመኪና ላክሁ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ሙቀቱና መፋተጉ የማርከሩን ጽሑፍ አጠፋውና አራት አንድ ዓይነት ጥቁር ዱቄት ሆነው ደረሱ። አሁን በእርሳስ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ከብልቃጡ ጋር በአንድ ላስቲክ አሽጋለሁ፣ የየብልቃጡንም ክብደት በደብተር እጽፋለሁ።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ መለኪያው በብረት ስስ ሉህ መስተካከሉን ጠይቁ፤ የዚያ የማግኔት መስክ በክፍል ሙቀት 33.0 ቴስላ ነው፣ የዜሮው ነጥብም የእሱ መሃል ነው። ለንጹሕ ኒኬል ፌራይት ሁለት ባለ ስድስት መስመር ስብስቦች ይታያሉ፤ የኤ ቦታው 49 ቴስላ አካባቢ፣ የቢ ቦታው ከ52 በላይ። የመሃል ሽግሽጋቸው በሰከንድ 0.25 እና 0.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ ሦስት ቻርጅ ብረት መሆኑን የሚመሰክረው ይህ ነው።

አሁን ዋናው። የሁለቱ ስብስቦች ስፋት (መስመሮቹ የሚሸፍኑት ቦታ) ንጽጽር ብረቱ እንዴት እንደተካፈለ ይነግራል። ዚንክ በሌለበት እኩል ለእኩል መሆን አለባቸው። ድርሻው 0.2 ሲሆን 40 ለ60። በክፍል ሙቀት የቢ ቦታው ጨረር አዋዋጥ በጥቂት በመቶ ያነሰ ስለሆነ 41 ለ59 ብታገኙ አትደንግጡ። 47 ለ53 ከሆነ ግን ዚንኩ ሁሉ ኤ ላይ አልተቀመጠም፣ ወይም ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ከፋፍሏቸዋል። እያንዳንዱ የቢ ብረት 6 የኤ ጎረቤቶች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ ወይም ሁለቱ ዚንክ ሲሆኑ መስኩ ይቀንሳል፣ የቢ መስመሮችም ወደ ውስጥ ይደለድላሉ። በአንድ ስብስብ አስገድዳችሁ አታስማሙት፤ ሁለት ወይም ሦስት ስጡት።

መሃል ላይ ባለ ሁለት መስመር ከታየ ወይ ቅንጣቶቹ በጣም ደቅቀው ማግኔታቸው ከመለኪያው ፈጥኖ እየተገላበጠ ነው፣ ወይ ብረቱ በዚንክ ተከቦ ብቻውን ቀርቷል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀት መለካት ይረዳል፤ ባለ ስድስት መስመር ሆኖ ከተመለሰ የመጀመሪያው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሰባት፦ ከማግኔት መለኪያው ጋር ማስታረቅ

የሞስባወሩን ክፍፍል ወስዳችሁ ከላይ እንዳደረግነው ጉተታውን አስሉ። ከዚያ በማግኔት መለኪያ ያገኛችሁትን ሙሌት፣ ማለትም ከፍተኛውን ማግኔትነት (በኢሙ በግራም፤ ኢሙ የማግኔትነት አሃድ ነው) በሞል ክብደቱ አባዝታችሁ ለ5585 አካፍሉ፤ ውጤቱ በቦር ማግኔቶን ይመጣል። ለድርሻ 0.2 የሞል ክብደቱ 235.7 ነው፤ 3.6 ለማግኘት 85 ኢሙ በግራም ያስፈልጋል። ያ ግን በፍጹም ዜሮ ሙቀት ነው፤ በክፍል ሙቀት በግልጽ ያንሳል። ለንጹሕ ኒኬል ፌራይት ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት የሚለካው 2.3 እንጂ 2.0 አይደለም፤ የኒኬሉ ኤሌክትሮን ምሕዋርም ትንሽ ያዋጣል።

ልዩነቱ ሙቀት ብቻ ከሚያስረዳው በላይ ከሆነ ጥፋተኛውን በሁለት ጥያቄ መለየት ይቻላል። ሞስባወሩ በ5 ቴስላ የውጭ መስክ ውስጥ ሊለካላችሁ ከቻለ፣ መስኩም ከጨረሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሆነ፣ ከስድስቱ መስመሮች ሁለተኛውና አምስተኛው መጥፋት አለባቸው። ካልጠፉ ማግኔቶቹ አዘንብለዋል፤ የትኛው ቦታ እንዳዘነበለም ይታያል፣ ምክንያቱም በዚያ መስክ የኤ ስብስብ ወደ ውጭ፣ የቢ ወደ ውስጥ ተለያይተው ይቆማሉ። መስመሮቹ ከጠፉና ቁጥሩ አሁንም ከጎደለ ግን በናሙናው ውስጥ ማግኔት ያልሆነ ክብደት አለ። ያኔ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ያቺ ክሩሲብል ስንት መዝና እንደነበር እዩ።